መጽሐፍ ቋሚ ዕቃ ነው ወይስ አላቂ?



ባለፈው ወር ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዲቱ ከሌሎቹ ሁሉ ታጥራለች። ጸሐፊዋ በዚሁ ጦር ሰፈር የሚኖሩ የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ናቸው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው መጽሐፍ ለመዋስ ወደ ጦር ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ «ይህ ለሠራዊቱ አባላት ብቻ ነው» ተብሎ ተመለሰ። በማግሥቱ አባቱ ራሱ ሄደ፤ እርሱም በተራው «መጽሐፍ ከዚህ ክፍል አይወጣም» ተባለ። «ታዲያ መጻሕፍቱ ለማን ናቸው?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ደብዳቤያቸው ሰላምታውም ምርቃቱም ተጨምሮበት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም።

መልሱን በዚያው ሳምንት በጥቂት ቃላት ለመስጠት አስቤ ነበር። ሆኖም ሳያዩ ከመናገር አይቶ መናገር ይሻላል በማለት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ይህን ስጽፍ ሐፍረት ይሰማኛል፤ በዚህ ጦር ሰፈር ከተመደብኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ስለ ንባብ ጥቅምም በዚሁ ዓምድ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፌአለሁ፤ ነገር ግን ወደዚያ ክፍል ከዚያ ቀን በፊት የገባሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም ለስብሰባ የሚሆን ወንበር ፍለጋ።

ክፍሉ ከክበቡ በስተጀርባ ነው። ሁለት የብረት ቁም ሣጥኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሦስት የእንጨት ሣጥኖች ደግሞ ወለሉ ላይ ተደርድረዋል፤ አምስቱም ቁልፍ አላቸው። ወለሉ ተወልውሎ ያበራል፣ አቧራ የሚባል ነገር አይታይም። ጠረጴዛው ላይ አንድ መዝገብ፣ አንድ የቀለም ሰሌዳ፣ አንድ ማኅተም በሥርዓት ተቀምጠዋል። ኃላፊው ሻለቃ ባሻ በሠራዊቱ ውስጥ ረዥም ዘመን ያገለገሉ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱንም የቤተ መጻሕፍቱንም ቁልፍ አንድ ላይ የያዙ ሰው ናቸው። መዝገባቸው ላይ 614 መጻሕፍት ሰፍረዋል።

«ባሻ፣ ባለፈው ዓመት ስንት መጽሐፍ ወጣ?» አልኳቸው።

መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «11» አሉኝ። «10ሩ ተመልሷል።»

«11ኛውስ?»

«እርሱንማ እኔ ከፈልኩት ጌታዬ።»

የጠፋው መጽሐፍ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። ይጠፋ ከተባለ ሊጠፋ የሚችለው ያው እርሱ መሆኑ አያስገርምም፤ ሁሉም የሚፈልገው መጽሐፍ ነውና። የተዋሰው ወታደር ወደ ሌላ ክፍል በድንገት ተዛወረ፣ መጽሐፉም አብሮት ሄደ። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ላይ አንድ መጽሐፍ ሲጎድል ሻለቃ ባሻው ከደመወዛቸው አውጥተው ከገበያ ገዝተው እንዲተኩ ተደረገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁም ሣጥኖቹ አልተከፈቱም። «አሁን ሁሉም አለ» ሲሉ ነገሩኝ፤ በአነጋገራቸው ውስጥ የነበረውም ኩራት ነው እንጂ ክፋት አልነበረም።

የክፉ ሰው ታሪክ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ባሻው ያደረጉት መዝገባቸው ያዘዛቸውን ነው። መጽሐፍ ወደ ግምጃ ቤቱ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፤ ሲወጣም በሞዴል 22 መውጣት አለበት። የተመዘገበውም ከአልጋ፣ ከጠረጴዛና ከብረት ወንበር ጋር «ቋሚ ዕቃ» በሚለው ዓምድ ሥር ነው። ቋሚ ዕቃ ማለት ደግሞ በቆጠራ ቀን በቦታው መገኘት ያለበት ዕቃ ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ከተለካ በዓለም ላይ ከሁሉ የላቀው ቤተ መጻሕፍት አንድም ሰው ያልገባበት ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። ጠያቂያችን «ለማን ናቸው?» ላሉት ጥያቄ የመዝገቡ ቀጥተኛ መልስ «ለቆጠራ» የሚል ነው።

ይህ በሽታ የእኛ ጦር ሰፈር ብቻ አይደለም። በታዳጊ አገሮች የቤተ መጻሕፍት ሥራን ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ከሚያነሡአቸው ችግሮች አንዱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለጠፋ መጽሐፍ ከኪሱ እንዲከፍል መደረጉ ነው። ገንዘብ ማነሱ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት መኖሩ፣ በአገር ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ ጥቂት መሆኑ ሁሉም እውነት ነው። ይሁንና ያለውን ጥቂት መጽሐፍ ቆልፎ ማስቀመጥ ገንዘብ ስለሌለ የሚመጣ ችግር አይደለም፤ ያውም የሚፈታው ያለ ገንዘብ ነው። ስለዚህም ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እርሱ ያናድደኛል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መጽሐፍን መቆለፍ የረዥም ዘመን ወግ መሆኑንም መናገር ይገባል። በገዳሞቻችን አንድ የብራና መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፋቅ፣ ይወጠር፣ ይዳመጥ ነበር፤ ጸሐፊው ቀለሙን ቀምሞ፣ ብዕሩን ቀርጾ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይጎነበስበታል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ በቆዳ ማኅደር ገብቶ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ወይም በዕቃ ቤት ይቀመጣል። በመጨረሻው ገጽም የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል የግዝት ቃል ይጻፍበት ነበር። በአውሮፓም በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት ከመደርደሪያቸው ጋር በብረት ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። ያ ሁሉ ጥበቃ በጊዜው ተገቢ ነበር፤ የጠፋው አንድ መጽሐፍ በአገሩ ሁሉ ሁለተኛ የሌለው ሊሆን ይችላልና። በሺህ ቅጂ ታትሞ በመንገድ ዳር ለሚሸጥ መጽሐፍ ግን ያንኑ ሰንሰለት መግዛት ለጊደር የአንበሳ አጥር እንደ መሥራት ነው።

ይህን በግልጽ አውጥቶ የተናገረው ከአውሮፓ ይልቅ የእስያ ሰው ነው። ኤስ. አር. ራንጋናታን በሕንድ አገር የሒሳብ መምህር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው ሥራው ለቤተ መጻሕፍት አምስት ሕጎችን አወጣ፤ የመጀመሪያውም መጻሕፍት ለአገልግሎት ናቸው የሚል ነው። ሕጉ ሲሰሙት የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው፤ ለሌላ ለምን ሊሆኑ ይችላሉ ያሰኛል። ራንጋናታን ግን ያንን ሕግ ሲያብራራ ከነዚያው በሰንሰለት ከታሰሩት መጻሕፍት ይጀምራል፤ ሰንሰለቱ ከብረት ወደ ደንብ ተለወጠ እንጂ እንዳልተፈታ ያውቅ ነበርና።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ፤ ይህን ጉዳይ በመዝገብና በደንብ ብቻ የማየው አይደለምና።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ሲጀመር እናቴ በገጠር የምትኖር ልጃገረድ ነበረች። ያ ዘመቻ በብዙ ነገር ሊተች ይችል ይሆናል፤ የነበረውን መንግሥት ሥራ ሁሉ ማወደስም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ይሁንና በ15 የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ትምህርት መሰጠቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት ለአገሪቱ ማስገኘቱ የታሪክ ሐቅ ነው። እናቴም ከዋርካ ሥር ተቀምጣ ፊደል ቆጠረች፤ በ1973 ዓ.ም. የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱ በመስተዋት ተለብጦ እስከ ዛሬ ከቤታችን ግድግዳ ላይ አለ።

በመንደሩም የንባብ ቤት ተሠራ። ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ሰብል በሽታ፣ ስለ ሕፃናት አመጋገብ የተጻፉ ቀጫጭን መጻሕፍት መጡ፤ ቁልፉም ለአንድ ሰው ተሰጠ። ያ ሰው መጻሕፍቱ እንዳይጠፉ አጥብቆ ጠበቃቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክረምት ላይ ማዳበሪያ የሚቀመጥበት ቦታ ሲጠፋ ከረጢቱ ወደ ንባብ ቤቱ ገባ፤ በመጀመሪያ ለአንድ ክረምት ተባለ፣ ኋላም በዚያው ቀረ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ቤቱ «መጋዘን» ነበር የሚባለው። ለምን «ንባብ ቤት» ብለው የሚጠሩት ሽማግሌዎች እንዳሉ ለረዥም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ከጦር አካዳሚ ተመርቄ የመጀመሪያ ደመወዜን ስልክላት እናቴ ከባንኩ መስኮት ፊት ቆማ የፈረመችው በአውራ ጣቷ ነው። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም። «የምስክር ወረቀትሽ ግድግዳው ላይ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ፊደሉስ አልጠፋኝም ነበር፤ የማነበው ነው የጠፋኝ፤ ኋላ ፊደሉም ተከተለው» አለችኝ። በአካዳሚው ስለ መሃይምነት ብዙ ትምህርት ተሰጥቶኛል፤ ከዚህ አጭር ቃል የሚበልጥ ግን አላስታውስም።

ይኸው ነገር በአንድ መንደር ሳይሆን በአንድ አገር ደረጃ የታየው በታንዛንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በተደረገው ቆጠራ ከአዋቂው ሕዝብ ውስጥ ከመቶ 67ቱ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። በዚያው ዓመት በዳሬ ሰላም ብሔራዊው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. 1970ን ፕሬዚዳንት ኔሬሬ የጎልማሶች ትምህርት ዓመት ብለው ሰየሙት። የታንዛንያ ሰዎች ብልህነት ግን በዋና ከተማ ከተሠራው ሕንፃ ላይ አልነበረም። ገበሬው ፊደል የሚቆጥረው በሚያርሰው ነገር እንዲሆን አደረጉ፤ የማንበቢያ መጻሕፍቱ ስለ ጥጥ፣ ስለ ሙዝ፣ ስለ ዓሣ ማጥመድ፣ ስለ ከብት እርባታ የሚያስተምሩ ነበሩ። በቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ደግሞ ትምህርት ማብቂያ የለውም የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው የገጠር ጋዜጣ በስዋሂሊ ቋንቋ ታተመ፤ ፊደል የቆጠረው ሰው በማግሥቱ የሚያነበው እንዳያጣ ታስቦ። እ.ኤ.አ. በ1973ም በራዲዮ፣ በመጽሐፍና በውይይት ጓድ በተቀናጀ የጤና ዘመቻ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ተሳትፎ፣ ሰው በየደጁ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፈረ። አንድ ሰው ስለ ወባ ያነበበው ነገር ወደ አካፋና ወደ ዶማ ሲለወጥ የመረጃ አገልግሎት የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ታየ፤ ማንበብ የማይችለው ከመቶ 10 ለመሙላት ጥቂት የጎደለው ብቻ መሆኑ ተገለጸ። ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁለቱ መጣ። በኢኮኖሚው ችግር ምክንያት ወረቀትና የኅትመት ገንዘብ ተቸገረ፣ የገጠር ጋዜጦች እየተዳከሙ ሄዱ፣ የመንደር ቤተ መጻሕፍት አዲስ መጽሐፍ ማየት አቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2002 በተደረገው ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችለው አዋቂ ከመቶ 70 ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የሕፃናት ትምህርት መዳከሙም ድርሻ አለው፣ የመለኪያው አወሳሰድም ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን የእናቴን ቃል ለሰማ ሰው አኀዙ እንግዳ አይሆንበትም።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን ምሳሌ የማገኘው ደግሞ በጎረቤታችን፣ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ፣ የሶማሌ አርብቶ አደሮች በሚኖሩበት በጋሪሳ አካባቢ ነው። በዚያ በረሃ መኪና በአሸዋ ይቀረቀራል፤ ሕዝቡም ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ስለሚንቀሳቀስ በከተማ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት ዘንድ አይመጣም። ስለዚህ የኬንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 መጻሕፍትን በ3 ግመሎች ጭኖ መሄድ ጀመረ። አንዱ ግመል በሁለት ሣጥን 400 ያህል መጻሕፍት ይሸከማል፤ ሌላው ድንኳኑንና ምንጣፉን ይዞ ይከተላል። ከሰፈሩ ሲደርሱ ድንኳኑ ይተከላል፣ መጻሕፍቱ ይደረደራሉ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ የፈለገም ተውሶ ይወስዳል፣ ጓዙ ሲመለስ ይመልሳል። በኋላ ሥራው ወደ ዋጂር ተስፋፍቶ የግመሎቹ ቁጥር 12 ደርሶ ነበር።

የግምጃ ቤት ሰው ይህን ሲሰማ ፀጉሩ ሊቆም ይችላል። ቋሚ አድራሻ ለሌለው ሰው፣ መታወቂያ ላልያዘ ልጅ፣ ነገ የት እንደሚያድር ለማይታወቅ ቤተሰብ መጽሐፍ ማዋስ! በፀሐይና በአሸዋ የሚበላሽ፣ ፍየል የሚበላው፣ ከጓዝ ጋር ተጠቅልሎ የሚጠፋ መጽሐፍ መኖሩ የማይቀር ነው። ነገሩን ያሰቡት ሰዎችም ይህን ሳያውቁ አልጀመሩትም። ጉዳቱን አስቀድመው አስልተው፣ ከመጻሕፍቱ ጥቂቱ መጥፋቱን የሥራው ዋጋ አድርገው ተቀብለው ነው ግመሎቹን የጫኑት። በአገራችንም በአሜሪካ አገር የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከከፈቱ በኋላ በሐዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ለልጆች እንዲደርስ አድርገዋል። አህያም ግመልም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው፤ አንባቢውን መጠበቅ ሳይሆን ወደ አንባቢው መሄድ።

«ዛሬ ሁሉ ሰው ስልክ ይዟል፤ ለምን ስለ ወረቀት ታደክመናለህ?» የሚለኝ ጓደኛ አላጣም። ስልክ ጥሩ ነው፤ እኔም ብዙ አነብበታለሁ። ነገር ግን ተራራው ላይ ባለው ጠባቂ ጓድ ዘንድ ኔትዎርክ የሚገኘው አንድ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ። ባትሪም የሚሞላው በተራ ነው። በቤት ውስጥም ቢሆን የአባቱን ስልክ ለንባብ ብሎ የተቀበለ ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምን ሲያደርግ እንደሚገኝ እናቶች ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ስለዚህ ነገሩን በዚህ ልለፈው።

ለወታደር የሚስማማውን ምሳሌ ያገኘሁት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1947 የአሜሪካ አሳታሚዎችና የጦር ኃይሉ በመተባበር ለወታደሮች ብቻ የሚታደሉ ትናንሽ መጻሕፍት አሳትመው ነበር። መጽሐፎቹ በዩኒፎርም ኪስ እንዲገቡ ተደርገው የተሠሩ፣ ወረቀታቸው ርካሽ፣ ዓይነታቸው ከ1,300 በላይ፣ ቅጂያቸው ከ120 ሚሊዮን የሚበልጥ ነበር። ልብ በሉ፤ የታተሙት ተመልሰው እንዲመጡ አልነበረም። ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው፣ በዝናብና በጭቃ ተበጣጥሰው እንዲያልቁ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሀብታም አገር ስለሆነ ነው የሚል ይኖራል፤ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የሐሳቡ ፍሬ ከሀብት ጋር የተያያዘ አይደለም። ጥይት የሚመዘገበው በአላቂ ዕቃ ነው፤ ከተኩስ ልምምድ በኋላ ቀለህ ይቆጠራል እንጂ ጥይቱ ለምን አልተመለሰም ተብሎ የሚጠየቅ የለም። በደንቡ መሠረት ሥራ ላይ የዋለ ጥይት ጎደለ አይባልም።

ይህንኑ ለሻለቃ ባሻው ነገርኳቸው። ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እንዲህ ከሆነ በጽሑፍ ይሰጠኝ» አሉ። ትክክል ናቸው። የበላይ የቃል ትእዛዝ በቆጠራ ቀን ምስክር አይሆንም፤ እርሳቸው ይህን ከእኔ በፊት ብዙ ጊዜ አይተዋል።

በመሆኑም የሚከተለውን ሐሳብ በጽሑፍ ለአዛዡ አቅርቤአለሁ። መዝገበ ቃላት፣ አትላስ፣ የሕግ መጻሕፍትና እንደገና የማይገኙት አሮጌ ኅትመቶች በቋሚ ዕቃነታቸው ይቆዩ፤ ከክፍሉም አይውጡ። ከኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ዘመን የቀሩ ጥቂት መጻሕፍት አሉን፤ እነርሱንም ከዚሁ ወገን አድርጌአቸዋለሁ። ልብ ወለዱ፣ የልጆች ተረቱ፣ ስለ ጤናና ስለ እርሻ የተጻፈው ግን ወደ አላቂ ዕቃ ይዛወር፤ በዓመት ውስጥ ከመቶ ምን ያህሉ ቢጎድል እንደ ሥራ ዋጋ እንደሚቆጠር አስቀድሞ ይወሰን፤ ከዚያ በታች ለሆነው ማንም ከደመወዙ አይክፈል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከፋይናንስ ክፍል ጋር ብዙ አከራክሮናል። የክፍሉ ኃላፊ «እንደዚህ ከተባለ ሁሉም ያጠፋል» ይላል፤ እኔ ደግሞ መጽሐፍ ይዞ ለመጥፋት የሚጓጓ ሰው በጦር ሰፈራችን ቢበዛ እንደ መልካም ዜና እንደምቆጥረው ነገርኩት። አልሳቀም። እስከዚህ ዕትም ድረስ የጽሑፍ መልስ አልሰጠንም።

አዛዡ ግን ውሳኔው እስኪደርስ ለ3 ወር ሙከራ ፈቅደዋል። በዚህም መሠረት 90 መጻሕፍት በሞዴል 22 በእኔ ስም ወጪ ሆነዋል። ቢጠፉ ከገበያ ገዝቼ የምተካው እኔ ነኝ፤ የዛሬውን የመጽሐፍ ዋጋ የሚያውቁ ጓደኞቼ አዝነውልኛል። 60ዎቹ በሁለት ባዶ የጥይት ሣጥኖች ተከፍለው ወደ ሁለቱ የራቁ ጠባቂ ጓዶች በስንቅ መኪናው ተልከዋል፤ የጥይት ሣጥን ከዝናብም ከአይጥም ይከላከላልና ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ከወር በኋላ የአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ይሄዳል። የቀሩት 30 የልጆችና የቤተሰብ መጻሕፍት ናቸው።

በቤተሰብ በኩል ስለሚደረገው ውሰት ከሻለቃ ባሻው ጋር አንድ ነጥብ ላይ አልተስማማንም ነበር። እርሳቸው ሚስት መጽሐፍ ስትዋስ በባለቤቷ ስምና መለያ ቁጥር ይመዝገብ አሉ። እኔ በገዛ ስሟ ይሁን አልኩ፤ ባል በማንኛውም ጊዜ ለግዳጅ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ቤቱንና ልጆቹን ይዛ የምትቀረው እርሷ ናት። ጥቂት አስበው «እውነት ነው፤ ባለፈውም የጠፋው ተዛዋሪው ዘንድ ነው» ብለው ተስማሙ፤ መዝገቡንም ወዲያውኑ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩት። ጠረጴዛው ላይ ያለው የቀለም ሰሌዳ እዚያው ይቆያል። ፊርማ የማይሆንላቸው ካሉ አውራ ጣታቸውን አስቀምጠው መጽሐፍ ይወስዳሉ፤ ልጅ ሊያነብላቸው ይችላል፣ ከልጅም ጋር ሊማሩበት ይችላሉ። የቤተሰብ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ፊደል መቁጠር ለሚፈልጉ እናቶች ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል ለመስጠት ቃል ገብተዋል፤ አስተማሪ ሆነው ለመርዳት ፈቃደኛ የሆኑ ስማቸውን ለእርሳቸው ያስመዝግቡ።

ለተከበሩት ጠያቂያችን፦ ቤተ መጻሕፍቱ ለቤተሰብ የሚከፈተው ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ነው። ልጅዎ በአንድ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ለ14 ቀን መውሰድ ይችላል። ሻለቃ ባሻው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ መጽሐፉን የሚለብጥበት አሮጌ ጋዜጣ ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ይህም ጋዜጣ ይሆናል ብለዋል፤ ከተነበበ በኋላ።